የአስታማሚ ቦታ

አምና እዚህ ጀርመን ሆስፒታል ሦስት ሌሊት ተኛሁ። የሐሞት ጠጠር ነበር። የጎደለኝ ነገር የለም። ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። ሂሳቡን ኢንሹራንሱ ቻለው፤ ከኪሴ የወጣው በቀን 10 ዩሮ ብቻ ነው። አጠገቤ የተኙትን አዛውንት ግን ሦስቱንም ቀን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሲመሽ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

በጥር አገር ቤት ገባሁ። እናቴ ታማ ሰሜን ሸዋ አንድ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከእህቴ ጋር እየተፈራረቅን አስታመምናት። እዚያ የሆስፒታሉ ግማሽ ጉልበት አስታማሚው ነው። ጉሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርስ የሚጠራው እሱ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ሲጠፋ ወረቀቱን ይዞ ከተማውን የሚያስሰው እሱ ነው። በሽተኛውን የሚያገላብጠውም፣ አጥሚት የሚያጠጣውም እሱው።

ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ባላቸውን ያስታምማሉ። የጤና መድህን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከጉያቸው አይለዩትም። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር እስከ መንዝ ይዘልቃል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ሌሊት ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ አዩና፣ «ልጄ፣ አንተ ጋደም በል። ሁለቱንም እኔ አያቸዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም።

ጋደም የሚባልበት ቦታ ግን የለም። እሳቸው ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ በአንዲት ጋቢ ተጠቅልለው ነው የሚያድሩት። የጥርን ውርጭ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ጽዳት ሳይጀመር ካርቶኑን አጥፈው አልጋ ሥር ይከቱታል።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ገንዘብ ስናዋጣ ቶሎ የሚታየን ማሽን ነው። አልትራሳውንድ፣ የኦክስጅን መሣሪያ። ይሁን፣ ያስፈልጋል፤ እኔም አዋጥቻለሁ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የተሠራው በሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተወለደው ካርል ሄንዝ በም የተባለ ተዋናይ በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራቡ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ከተወራረደ በኋላ ነው። ብሩ ጎረፈ። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ የጀማን ገደል መሻገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚያች አንዲት ማርክ ዋጋ ይገባዋል።

እኔ አሁን የምለምነው ከማሽን በጣም የሚያንስ ነገር ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አለ። ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸውን እዚያ ይጠብቃሉ። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። እንግዲያው ለአስታማሚስ አንድ ክፍል ቢሠራ? አሥር ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ ውሃ። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የማቀርበው ይህንኑ ነው። የፍራሹን ዋጋ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቼ ጠይቄያለሁ።