ማስተካከያ፦ ዶሜይን «ይገዛል» ስላልነው

ለንግድ ድርጅት የዶሜይን ስም (የድረ ገጹን የኢንተርኔት አድራሻ) ስለመምረጥ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ «ስሙን አንዴ ከገዙት ለዘለቄታው የእርስዎ ነው» ብለን ነበር። ይህ ስህተት ነው። በዶት ኮም (.com) የሚያበቃ ስም የሚመዘገበው ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። አንባቢን ሊጎዳ የሚችል ስህተት በመሆኑ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

«ጊዜው ባለፈ ማግስት ሌላ ሰው ይወስደዋል» ማለታችንም ትክክል አልነበረም። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች (ስሙን የሚመዘግቡ ድርጅቶች) ጊዜው ካለፈም በኋላ ለማደስ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይሰጣሉ። ስሙ ከተሰረዘ ደግሞ ማስመለሻ 30 ቀን አለ፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ድረ ገጹና ኢሜይሉ ግን ቀድመው ሊቋረጡ ይችላሉ። እነዚህ ቀናት ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ናቸው፤ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚመዘገበው ዶት ኢቲ (.et) የራሱ ደንብ አለው።

ከሁሉ በላይ ያስቆጨን ሳንጠቅሰው የቀረነው ነገር ነው። የዶት ኮምና የመሰሎቹ መዝጋቢ ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ እንደገናም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማሳሰቢያ የመላክ ግዴታ አለበት። ማሳሰቢያው የሚሄደው በምዝገባው ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። ብዙ ነጋዴ ግን ሁሉን ነገር ድረ ገጹን ለሠራለት ባለሙያ ይተወዋል፤ ምዝገባውም በባለሙያው ስምና ኢሜይል ይቀራል። እባክዎ ዛሬውኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ያጣሩ። የሚሰጡት ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣልና።

በንግድ ቢሮ የንግድ ስም ማስመዝገብም ዶሜይኑን አያስይዝም፤ ሁለቱ የተለያዩ ምዝገባዎች ናቸው።