ፊልሙ የዘለላቸው ስድስት ቀናት

በገጠር ከተማ ስለሚኖር ትራንስጀንደር ወንድ የተሠራ ድራማ ሲነሳ ዛሬም ቀድሞ የሚጠራው የኪምበርሊ ፒርስ «ቦይስ ዶንት ክራይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ሂላሪ ስዋንክን ለኦስካር አበቃት። ታሪኩ የእውነት ነው። በሴትነት ተመዝግቦ ያደገውና በወንድነት ይኖር የነበረው የ21 ዓመቱ ብራንደን ቲና፣ ነብራስካ ውስጥ ፎልስ ሲቲ በምትባል፣ ነዋሪዋ 5 ሺህ በማይሞላ ከተማ ኖሮ በ1993 የመጨረሻ ቀን ተገደለ። ፊልሙ በትወና የሚታማ አይደለም። ችግሩ ግድያውን የከሸፈ ፍቅርና የክፉ ዕድል ውጤት ማስመሰሉ ነው። የፍርድ ቤት መዝገቡ ግን ሊታጠፉ ይችሉ የነበሩ ውሳኔዎችን አንድ በአንድ ያሳያል።

ነገሩ የጀመረው በቼክ ማጭበርበር ነው። ብራንደን በዲሴምበር ሲታሰር ሴቶች ክፍል ገባ፤ የአካባቢው ጋዜጣም እስሩን በልደት ስሙ አወጣው። ትልቅ ከተማ ቢሆን እንዲህ ያለችውን ዜና ማንም ልብ አይላትም ነበር። ፎልስ ሲቲ ላይ ግን ወሬው ወዲያው ጓደኞቼ ይላቸው የነበሩት ጆን ሎተርና ቶም ኒሰን ጆሮ ገባ። በገና ዋዜማ ሱሪውን በግድ አስወልቀው አጋለጡት፤ ሌሊቱን ወስደው ደፈሩት፤ ከተናገርክ አለቀልህ ብለውም ዛቱበት። እሱ በመታጠቢያ ቤት መስኮት ሾልኮ አመለጠና ዕለቱን አመለከተ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን መደረግ ነበረበት? የተጎጂውን ቃል በወጉ መቀበል፣ የሐኪም ማስረጃ ማያያዝ፣ ተጠርጣሪዎቹን መያዝ፣ እስኪያዙም ድረስ አመልካቹን ማስጠለል። ብራንደን ምስክርነት ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑንና በቀልን እንደሚፈራ ተናግሯል። የአውራጃው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ ቻርልስ ላውክስ ደግሞ ሁለቱም የወንጀል ሪከርድ ያለባቸው መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ሆኖም በቴፕ በተቀዳው የምርመራ ቃል ላይ ሸሪፉ ስለ ጥቃቱ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ብራንደን ሰውነት ይመረምራል፣ ያላግጣል። ጥያቄው አላስፈላጊ ነው ያለው ምክትሉ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ተጠርጣሪዎቹ ከሦስት ቀን በኋላ ተጠይቀው ሳይታሰሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አሁን ማን እንዳመለከተባቸው በይፋ አውቀዋል፤ አመልካቹ ደግሞ ያለ አንድ ጠባቂ ሀምቦልት አካባቢ ባለ የእርሻ ቤት ተጠግቷል። በዲሴምበር 31 ሌሊት እዚያው አገኙት።

ፊልሙ የምርመራውን ቃል ከጥቃቱ ትዕይንት ጋር እያፈራረቀ ያሳያል። ብርቱ አቀራረብ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ጊዜውን እንዲረሳ ያደርጋል። ከማመልከቻው እስከ ግድያው ስድስት ቀን ነበር። በፊልሙ አንድ ትንፋሽ ይመስላል።

ተጠያቂነቱ ምን ያህል እንደተሸራረፈ ለማየት የካሳውን ሒሳብ ማስላት ይበቃል። እናቱ አውራጃውን ከሰሰች። የሥር ፍርድ ቤት ለቀብር ወጪ 6,223 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ ከመሞቱ በፊት ለደረሰበት ስቃይ ደግሞ 80,000 ዶላር ገመተ። ከዚያ መቀነስ ጀመረ። ጥፋቱ 85 በመቶ የገዳዮቹ ነው አለ፤ አንድ በመቶ ደግሞ የራሱ የሟቹ! ስለዚህ ከ80,000ው የቀረው 14 በመቶው፣ 11,200 ዶላር ነው። ከቀብሩ ወጪ ላይም ያቺው አንድ በመቶ ተቀነሰች። ድምሩ 17,360 ዶላር ከ97 ሳንቲም ሆነ። የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2001 ሁለቱንም ቅናሽ ሻረ፤ ሊጠብቅ የሚገባው አካል ሊከላከለው የሚገባውን ወንጀል ኃላፊነት ለወንጀለኛው አካፍሎ ሊያመልጥ አይችልም የሚል ነው ነጥቡ። የሸሪፉንም አጠያየቅ ከጨዋነት ወሰን ያለፈ ብሎታል። ለምርመራው በደልና እናትየው ልጇን ለማጣቷ 12,000 ዶላር ተጨምሮ ካሳው በመጨረሻ 98,223 ዶላር ከ20 ሳንቲም ደረሰ።

ሌላው የማይታለፍ ጉድለት ፊሊፕ ዴቫይን ነው። በዚያ ቤት የተገደሉት ሦስት ናቸው፦ ብራንደን፣ ቤቱን ተከራይታ የምትኖረው ሊሳ ላምበርት እና ዴቫይን። ዴቫይን ጥቁር ነው፤ አንድ እግሩም ሰው ሠራሽ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም። ለታሪኩ አጥብቦ መሄድ ያስፈልጋል የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም፤ ከሦስት ሟች ጥቁሩን ብቻ መሰረዝ የድርሰት ማሳጠር አይደለም።

ከእንግዲህ ተመሳሳይ ድራማ የሚጽፍ ሰው ከገዳዮቹ ይልቅ ያን ምክትል ሸሪፍ ቢከተል ይሻለዋል። ጥያቄው ስህተት መሆኑ ገብቶታል፤ ከክፍሉም ወጥቷል፤ ግን እዚያው ቢሮ ሥራውን ቀጥሏል። ገጠር ከተማ ውስጥ አለቃህ ጎረቤትህም ነው፤ ደራሲው መሥራት ያለበት እዚህ ላይ ነው።