ዘጠኝ ካልወጣ ደላላ አይደለሁም

ደሴ ላይ ቤቱን ሊሸጥ የተነሳ ሰው ደላላ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። አንዱ ክፍል በዕቁብ፣ አንዱ ክፍል ልጅቷ ከጂዳ በላከችው ሪያል፣ ሰርቪሱ ደግሞ በጡረታ ብር የተሠራ ቤት ነው። ዕድሜ ልክ ተለፍቶበታል። ለማን ሰጥተን እናሽጠው የሚለው ነገር ግን ሻይ እስኪበርድ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቆራጥነት ሌላ የት ይገኛል?

ሰኞ ገበያ ወርደን ፍየል ስንገዛ ጥርሷን ገልጠን እናያለን፣ ወገቧን እንጨብጣለን፣ ሻጩን የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጠይቃለን፣ ጥለነው ሄደን ዞረን እንመለሳለን። ደላላ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክፋት የለብንም። የአባቱን ስም መጠየቅ ነውር ነው። ፈቃድ አለህ ወይ ማለትማ ስድብ ነው። ከዚህ በፊት ያሸጥከውን ቤት አሳየኝ የሚል ሰው ደሴ ውስጥ ገና አልተወለደም። ስልካችን ላይ "ደላላ ሸዋ በር አዲሱ" ተብሎ ከተመዘገበ ሰውየው መታወቂያ አለው ማለት ነው።

ፈተናው አንድ ብቻ ነው። ማን ከፍ አድርጎ ጠራ?

የመጀመሪያው ደላላ ይመጣል። ግቢውን ዞሮ ያያል፣ ካርታው ላይ ያለውን ካሬ ያነባል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ሰሞኑን እዚያው ሰፈር ስንት ስንት እንደተሸጠ ይናገርና "5 ሚሊዮን ካወጣ ጥሩ ነው ጋሼ" ይላል። ይሄ ቀናተኛ ነው፣ ይሸኛል። ሁለተኛው 5 ተኩል ይላል። እሱም ወኔ የለውም። ሦስተኛው አንድ እግሩን ከበሩ እንዳስገባ፣ ሌላኛው ገና ውጭ እያለ፣ "ጋሼ ሙት! ይሄ ቤት 9 ካልወጣ እኔ ደላላ አይደለሁም" ብሎ ይምላል። ቤቱ በደስታ ይናጋል። ቡና ይፈላለታል። ልጁም ቃሉን ጠብቋል፤ ቤቱ 9 አይወጣም፣ እሱም ደላላ አይደለም።

ከዚያ መጠበቅ ይጀመራል። ወሎ ውስጥ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት አይጠፋም፣ የኛ ደላላ ደግሞ የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም ይጾማል። አብሽሩ ጋሼ፣ ሁዳዴ ስለሆነ ነው። አብሽሩ፣ ረመዳን ገባ። ፋሲካ ይውጣ፣ አረፋ ይለፍ፣ ክረምቱ ያባራ። በየበዓሉ ማግስት አንድ ሚሊዮን ይወርዳል። 9 የነበረው 8፣ 7 እያለ መስቀል ላይ 4 ይደርሳል። ባለቤቱ ያኔ ያ ቀናተኛ ያለውን 5 ያስታውስ ይሆን? አያስታውስም። እንዲያውም "ልጁ ባይኖር ከ4ም በታች ይወርድብኝ ነበር" እያለ ይመርቀዋል። ታማኝነት ይሏል ይሄ ነው።

አራት ላይ ሲደረስ ደግሞ እውነተኛው ብልጠታችን ይመጣል። "ጋሼ፣ ኮሚሽን ምን ያደርግልኛል? ለእጅዎ 4 ይበቃዎታል? ከዚያ በላይ የመጣው የኔ ይሁን" ይላል ደላላው። ባለቤቱ በልቡ ይስቃል፣ ሞኝ አገኘሁ ብሎ። ቤቱ በ4 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ይሸጣል። 2 ፐርሰንት ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ደላላው የሚደርሰው 90,000 ብር ነበር። አሁን ግማሽ ሚሊዮኑን በኪሱ ከትቶ ሄደ። ባለቤቱ ግን 90,000 ብር እንዴት እንዳዳነ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ይከርማል። እንዲህ ዓይነት ስምምነት ያለው ደላላ ገዢና ሻጭን ለብቻቸው እንደማይተዋቸው ልብ ብላችኋል? ገዢው ሽንት ቤት ቢሄድ እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለሰው ሲጨነቅ አይጣል ነው።

ጥርጣሬ ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ደግሞ ቤቱን ለአንድ ሰው አይሰጡም። ላገኙት ደላላ ሁሉ ይሰጣሉ። ፒያሳ ያለው፣ ቧንቧ ውሃ ያለው፣ ገራዶ ያለው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያለው፣ ሁሉም ያንኑ ቤት ያንኑ ፎቶ ይዞ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ዋጋው ብቻ ይለያያል። አንዱ ጋ 6፣ አንዱ ጋ 5፣ አንዱ ጋ "ዋጋ በስልክ"። ገዢ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ትንሹን ይዞ ይጀምራል። ወር ሁለት ወር ሲለጠፍ "ይሄ ቤት ምን ሆኖ ነው?" ይባላል። ባንክ ይዞታል፣ ወራሾች ተካሰውበታል፣ ጂኒ አለበት። ምንም የሌለበት ቤት በነጻ ታሪክ ያገኛል።

ቤት ሲያሳይ ያየሁትን ደላላ ግን መቼም አልረሳውም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጫፍ እስከ ወለሉ የወረደ ስንጥቅ አለ። የደሴ መሬት እንደሚንሸራተት እዚህ ያደገ ሕፃን ያውቃል፣ ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ነው። ልጁ ገዢዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቀድሞ ገባና ትከሻውን ስንጥቁ ላይ አስደገፈ። ተቀመጥ ቢባል አልቀመጥም አለ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካው ተመረቀ፣ እሱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ስኒውን በግራ እጁ ይቀበላል። የገዢው ሚስት "ምነው ልጄ፣ ወገብህን አመመህ?" አለችው። "አይ እትዬ፣ ከዚህ ሲታይ ጦሳ ደስ ስለሚል ነው" አላት። ጦሳ ተራራ ከጀርባው ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የኛ ልጅ ተራራውንም ጨምሮ ነው ያስማማው።

ስለ ወረቀትማ ምን እላለሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል የሚያዋውል ክፍል ፊት ይመዝገብ ይላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር የፈጠረባቸው አይመስሉም። እኛ ገና ቤቱን ስንሰጠው ከደላላው ጋር ስንት እንደሚከፈለው፣ መቼ እንደሚከፈለው፣ እስከ መቼ እንደሚያሽጥ አንዲት መስመር ብንጽፍ "አላመናችሁኝም" ብሎ ይከፋዋል። እንዳይከፋው ዋናውን ካርታ እንሰጠዋለን። ኮፒው አይበቃም ወይ የሚል ጨቅጫቃ ሁልጊዜ አይጠፋም። ጎበዞቹ ደግሞ ለመሸጥ ለመለወጥ የሚል ውክልና ጨምረው ይሰጡትና ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ይተዋወቃሉ።

ቀብድም አለ። ከአንዱ ቀብድ ተቀብለው ሳለ ደላላው እየሮጠ ይመጣል፣ "ጋሼ፣ የሚጨምር መጣ! ለዚያኛው ገንዘቡን መልሱለት" ይላል። ምክሩ ወርቅ ነው። ያው ሕግ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልስ ይላል፣ ግን እጥፉን የሚከፍለው ደላላው ስላልሆነ ያን ያህል አያስጨንቅም።

አንድ ጊዜ አንዲት የሰፈር እናት ቡና ላይ ደላላውን ቀና ብለው አይተው "አንተ ልጅ፣ እስካሁን የማንን ቤት አሽጠሃል? ሰውየው ይጠየቃል?" አሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ላብ በላብ ሆነ። "ኧረ በአላህ እማማ፣ እንግዳ እንዲህ ይባላል?" ብሎ እሳቸውን ተቆጥቶ ልጁን ይቅርታ ጠየቀ። እማማም ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጁ ተከፍቶ ስለነበር ለታክሲ ተብሎ ተሰጠው።

የሽያጩ ቀን ውልና ማስረጃ በር ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብታዩ ሠርግ ይመስላችሁ ነበር። ገዢውን ያመጣው ደላላ አለ። "ቤቱን መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ" የሚል አለ። ለእሱ ስልክ የደወለለት አለ። ፎቶውን ያነሳው አለ። ኮምቦልቻ ሆኖ የለጠፈው ጭምር ዳገቱን ወጥቶ መጥቷል። ሁሉም ከሻጭም ከገዢም ድርሻ አላቸው፣ ሁሉም ይጮኻሉ። ባለቤቱ ጠብ አይወድም። ብሩን ቆጥሮ ቆጥሮ አከፋፈላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ቀረ፣ ከጥግ ሆኖ በትህትና እጁን ዘረጋ። "አንተ ደግሞ የቱን ነው ያደረግከው?" አሉት። ከነሱ ጋር ነኝ አለ። ለእሱም ተሰጠው።