74110 እና የእናቴ ብረት ምጣድ

ባለፈው ኅዳር ኦስሎ ውስጥ፣ ገና በአሥር ሰዓት ድፍን ብሎ በጨለመበት ቀን፣ ከብርድ ሸሽቼ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ከረጢቶች በአንዱ የማውቀው ስም ተጽፎ አየሁ፤ ጅማ። ከሥሩ ቡናው የታጠበበት ጣቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር፣ ከዚያም 74110 የሚል ቁጥር አለ። 250 ግራሙ 190 ክሮነር ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ባሪስታውን ጠየቅሁት። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ኖርዌያዊ ነው። እጁን እያደረቀ አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን ከነእሸቱ ሲያረግፈው፣ ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ይህኛው ዝርያ የተገኘው ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። 74 የሚለው የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974፣ አለኝ።

የተመራማሪዎቹ ማዕከል ያለው ጅማ አጠገብ፣ መልኮ ነው። እኔ ደግሞ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የመልኮን ስም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ግን ስለዚህ ቁጥር የነገረኝ አንድም መምህር የለም። የራይን ወንዝ ከየት እንደሚነሣ በቃሌ አጥንቻለሁ፤ የሰፈሬን ቡና ታሪክ የሰማሁት ባሕር ተሻግሬ፣ ከፈረንጅ አፍ ነው። ልጁ አስተናጋጅ እንጂ ፕሮፌሰር አይደለም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ቡናው ሲቀርብልኝ ሻይ መሰለኝ፤ ቀላ ያለ፣ የስኒው ሥር የሚታይበት። የመጀመሪያውን ጉንጭ ኮመጠጠኝ። ቀዝቀዝ ሲል ደግሜ ቀመስኩትና ቆም አልኩ። ልጆች ሆነን ከጓሮ ቀይ እሸት ቡና ቀጥፈን፣ በጥርሳችን ልጠን የምንመጠው ያ ቀጭን ጣፋጭ ውኃ! ከሃያ ዓመት በላይ የረሳሁት ጣዕም ስኒው ውስጥ ቁጭ ብሏል። በጀበና በጠጣሁት ቡና ውስጥ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም። የጀበና ቡና ማቃለሌ እንዳይመስላችሁ፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ይህ የሆነው በአቆላሉ ነው። ፍሬው መጀመሪያ ተንጣጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከእሳት ያወርዱታል። እናቴ ብትሆን ያን ጊዜ ገና መጀመሯ ነው፤ እሷ ሁለተኛውን፣ ረገብ ያለውን መንጣጣት ሰምታ፣ ዘይቱ ወጥቶ ፍሬው ሲያብረቀርቅ ነው የምታወርደው። ኦስሎ ውስጥ ደግሞ የተቆላው ቡና ጋዙ እንዲወጣለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በከረጢት ይቀመጣል። እኛ ቤት ከምጣድ ወርዶ ሙቀጫ እስኪገባ ያለው ዕረፍት፣ ጭሱ በእንግዶች ፊት እስኪዞር ብቻ ነው።

ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቅ ግን፣ በቅን ልቦና ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ጨመረ። «እናንተ አገር ቡናውን ታቃጥሉታላችሁ አይደል?» አለኝ።

አላቃጠልነውም! ጀበና ውስጥ የሚንተከተክ፣ ከአቦል እስከ በረካ ውኃ እየተጨመረበት ሦስት ጊዜ የሚፈላ ቡና ጉልበት ይፈልጋል። በኋላ ያንኑ ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ቤቴ ወስጄ በጀበና አፍልቼዋለሁ፤ አቦሉ ኮመጠጠ፣ ቶናው ላይ ምንም አልቀረለትም። ይህን ሁሉ ግን ያን ጊዜ አልመለስኩለትም። «አዎ፣ ጠቆር አድርገን እንቆላለን» ብዬ ሁለት ከረጢት ገዝቼ ወጣሁ።

በነገራችን ላይ ከረጢቱ ላይ የጣቢያው ስም እንዲህ እንደልብ መጻፉም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ በአካባቢና በደረጃ እየተቀላቀለ ይሸጥ ስለነበር፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከትልልቅ እርሻዎች ካልሆነ በቀር የአንድን ጣቢያ ቡና ለይቶ መግዛት ከባድ ነበር። ሕጉ የላላው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለገና አገር ቤት ስገባ ያልተከፈተውን ሁለተኛውን ከረጢት ይዤ ገባሁ። እናቴ ዛሬ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ከእህቴ ጋር ነው። ከረጢቱን ቀድዳ አሸተተች። በመዳፏ ዘገነችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብላ አገላበጠችው። «ምን ዓይነት ፍሬ ነው!» አለች። አንድ የተሰበረ የለም፤ ነቀዝ የበሳው የለም፤ ሁሉም እኩል ነው። ቀጥላ «ማነው ሳይበስል ያወረደው?» አለችና ከማስጣሌ በፊት ብረት ምጣዱ ላይ ዘረገፈችው።

አልተንጣጣም። የመጀመሪያውን መንጣጣት ኦስሎ ጨርሶ የመጣ ነው። ጭሱም እንደ ቡና ጭስ አላወደም። መጥቆሩን ጠቆረ፤ ሲቀዳ ግን እንጨት እንጨት አለ። እናቴ ስኒውን አስቀመጠችና «አይ፣ ይሄ ፍሬ ያሳዝናል» አለች።

ከዚያ የራሷን ቡና አወጣች። ሰፌዱ ላይ አፍስሳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለቀመች። ጥቁሩን ወዲያ፣ ስባሪውን ወዲያ፣ ነቀዝ የበላውን ወዲያ፣ ጠጠሩን ወዲያ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ የቡና አገር ተወላጅ፣ ለአንድ ጀበና ግማሽ ሰዓት! አቆላልን ከአቆላል ለማነጻጸር ያሰብኩት ሁሉ እዚያ ሰፌድ ላይ ጠፋኝ።

ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ለብዙ ዓመታት በሕግ ሲከለከል ኖሯል። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ እሱ ይገባኛል። ነገር ግን አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። የዚህን ያህል ቡና የሚጠጣ ሕዝብ እንዴት ነው ለሌላው ሳይበቃ የቀረውን የሚለቅመው? እናቴ ከሱቅ የምትገዛው ቡና ጅማ ይሁን ሌላ አታውቅም፤ የሚነግራትም የለም። ከፍታ የለው፣ ጣቢያ የለው፣ ቁጥር የለው። ኦስሎ ያለው ልጅ የሚያውቀውን እሷ ብትጠይቅ ባለሱቁ ይስቅባታል።

አጥቁራ የምትቆላበት ሌላ ምክንያትም ያን ዕለት የታየኝ መሰለኝ። አንዱ ምክንያት ጀበናው ነው። የአፈርና የእርጥበት ሽታ ያለበትን ቡና ግን እሳት ካልሸፈነው ምን ይሸፍነዋል? «ታቃጥሉታላችሁ» ያለኝ ልጅ ይህን ሰፌድ ቢያየው ኖሮ እላለሁ።

አዲስ አበባም አሁን ጥሩውን ቡና ቀለል አድርገው እየቆሉ የሚያቀርቡ ቤቶች አሏት። ወደ አንዱ ወሰድኳት። የአንዱን ስኒ ዋጋ ስትሰማ ወንበሩን ሳትይዝ ተመለሰች። ስለምናት «ኋላ ቤት አፈላልሃለሁ» አለችኝ።

የምመለስ ዕለት ሻንጣዬን ስዘጋ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«በሚቀጥለው ስትመጣ ከዚያ ቡና አምጣልኝ» አለች።

«አልወደድሽውም አይደል እንዴ፣ እማዬ?»

«ጥሬውን ነው የምልህ፣ ልጄ። ጥሬውን አምጣልኝ፤ መቁላቱን ለእኔ ተወው።»