ለዘበኛው ካፖርት የቀረበ የመልቀቂያ ጥያቄ

ለክቡር የዘበኛ ካፖርት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መልቀቂያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እርስዎን ለብሼ ማገልገል ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት በር ከፍቻለሁ፣ በር ዘግቻለሁ። «ማን ልበል?» ብያለሁ። «ጋሼ የሉም» ብያለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ጋሼ ቤት በነበሩበት ቀን፣ «አሉ» ብያለሁ። በትወና ሕይወቴ ትልቁ ለውጥ ያ ነበር።

ፊልሙ ይለያያል፣ ሀብታሙ ይለያያል፣ ልጅቷ የምታፈቅረው ጎረምሳም ይለያያል። እርስዎና እኔ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ነን። አንዳንዴ ካኪ፣ አንዳንዴ የወታደር አረንጓዴ ሆነው ይመጣሉ። ጠረንዎ ግን ያው ነው፤ የሌላ ሰው ላብ።

ይሄን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ብዕር ያስነሳኝ የማክሰኞው ጉድ ነው።

ከአዲስ አበባ አንድ የፊልም ቡድን ለቀረጻ ኮምቦልቻ ሊመጣ ነው ተባለ። ስልክ ተደወለልኝ። «ኢንጂነር ነህ» አለኝ ደዋዩ። ቁጥር የተሳሳተ መስሎኝ «ኧረ አይደለሁም» ብዬ ልዘጋው ነበር። ለካስ ሚናው ነው! የፋብሪካ ኢንጂነር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ስድስት ሲን። በሁለቱ ደግሞ ተቀምጬ ነው የማወራው። ክቡርነትዎ፣ እኔ ካሜራ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ዘበኛ ከተቀመጠ ተኝቷል ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ተዘጋጀሁ። የእህቴ ልጅ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀ ነው፤ እሱን ያዝኩት። ኢንጂነር ሲናደድ እንዴት ነው የሚሆነው? እስክሪብቶውን የት ነው የሚሰካው? «አጎቴ፣ ኢንጂነር ዝም ብሎ ስልኩን ነው የሚያየው» አለኝ። እሱንም መስታወት ፊት ተለማመድኩት። ቢጫ ሄልሜቱን አዋሰኝ። ለእርስዎ ብዬ ያሳደግኩትን ፂም ተላጨሁ። ባለቤቴ ሸሚዜን ሁለቴ ተኮሰችው።

ማክሰኞ በጠዋት ሄልሜቱን በፌስታል ይዤ ከደሴ ወረድኩ። ስለ መናኸሪያው ወረፋ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሐረጎን ስንወርድ ቃሌን በልቤ እያነበነብኩ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዱዓ የማደርግ መስሏቸው «አሚን» አሉኝ።

ቀረጻው ያለበት ሆቴል ደረስኩ። ቅጽ ሰጡኝ። መቼም እዚህ አገር ቅጽ ሳይሞላ የሚመጣ ውርደት የለም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የጫማ ቁጥር። (ጫማ ሊገዙልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።) ከዚያ ወረድ ብሎ «ከዚህ በፊት የተጫወቱት ገጸ ባሕርይ» ይላል። ሞኝ አይደለሁ? እውነቱን ጻፍኩ። ቅጹን የተቀበለችው ልጅ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። «ውይ! እርስዎ ኖት እንዴ? ‹ጋሼ የሉም›!» አለች። ረዳት ዳይሬክተሩን ጠራችው። እሱ ዳይሬክተሩን ጠራው። ሦስቱ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ሐኪም ቤት ቤተሰብ እንደዚያ ሲንሾካሾክ አይታችሁ እንደሁ፣ ነገሩ እንዳበቃ ቀድሞ የሚገባው ለበሽተኛው ነው።

ዳይሬክተሩ መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝ። ዕድሜው የእህቴን ልጅ ቢያህል ነው። «ፋዘር» አለኝ። «ኢንጂነሩን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ይሄ ፊትህ የሚታወቅ ፊት ነው። ደግሞ አፍህ ትንሽ ወሎ ወሎ ይላል። ኢንጂነሩ ላይ ሰው እንዳይስቅብን ፈራሁ። ለዘበኛው ግን ወርቅ ነህ!»

ወዲያው እርስዎ ከሻንጣ ወጡ።

ሰዓቱ ከቀኑ 8 ነው። ቦታው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ቢሆን እሺ፣ ጦሳ ሥር ካፖርት ያስኬዳል። ኮምቦልቻ በዚያ ፀሐይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ላቤ ከአንገቴ እስከ ካልሲዬ ወረደ። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ መጥታ «ምነው ግን ተላጩ?» ብላ ተቆጣችኝና በሙጫ ሌላ ፂም ለጠፈችልኝ።

ይሄም ያልፍ ነበር። የሆቴሉ እውነተኛ ዘበኛ ባይኖር ኖሮ።

ወጣት ነው። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ የተወለወለ ጫማ፣ ወገቡ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ። ሻይ ስንጠጣ እንደነገረኝ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ እንደቆመ ረዳት ዳይሬክተሩ ጮኸበት። «ወንድም፣ ከፍሬም ውጣልን። አንተ ዘበኛ አትመስልም!» ልጁ ሳቀ። ገለል አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ካፖርቱን አየ፣ ዱላውን አየ፣ ጆሮዬን የሸፈነውን ቆብ አየ፣ በላብ መላቀቅ የጀመረውን ፂም አየ። ሳቁን ተወው።

«አባባ፣ እኔን ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር፣ አንተ ቡቱቶ። ያ ልጅ አንተን ለብሶ አያውቅም። ዘበኛ ማለት የሚያንጎላጅ፣ በራሱ ዱላ የሚደናቀፍ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ተደናብሮ ሰላምታ የሚሰጥ ጅል ነው ያላችሁት ከየት አምጥታችሁ ነው? አፋችንስ ምን አደረጋችሁ? እዚህ ሐኪሙ በዚሁ አፍ ነው የሚያክመን። ዳኛው በዚሁ አፍ ነው የሚፈርድብን። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀጥ ሲል ኢንጂነሩ በዚሁ አፍ ነው የሚራገመው። አምባሰልና ባቲ ሲዘፈን ወሎ ወሎ ማለቱ ይጥማችኋል፤ ኢንጂነር ሲሆን ነው የሚያስቃችሁ? ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እንዲሳቅልኝ ብዬ ቃሉን ከማንም ደሴዬ በላይ ጎትቼዋለሁ። እናቴ በቴሌቪዥን ስታየኝ «ልጄ፣ ከኛ ሰፈር እንዲህ የሚያወራው ማን ነው?» አለችኝ። ያኔ ነበር ማቆም። አላቆምኩም። የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

«ጋሼ የሉም» አልኩ። አራት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው ዳይሬክተሩ «ትንሽ ሞኝ ሁንልኝ» አለ። ሆንኩለት።

ማታ ክፍያ ተባለ። ደረሰኙ ላይ «ለጥበቃ አገልግሎት የተከፈለ» ይላል። «ልጄ፣ ትወና በሚለው ይስተካከልልኝ» ስለው የሒሳብ ሠራተኛው «እዚህ የተያዘው ጥበቃ ተብሎ ነው። ለማስተካከል ነገ ይመለሱ» አለኝ። ነገ ይመለሱ ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ ፈረምኩ። እውነተኛው ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሏል። እኔን 17 ዓመት ያለ ዋስ ነው የቀጠሩኝ፤ በዚህስ አመሰግናለሁ።

የቆዩትን በደሎች ላለመዘርዘር ወስኛለሁ። ባንክ በር ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፍታ ለፍተሻ እንዳሳየችኝ ብቻ ይመዝገብልኝ።

የእህቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ሞክሮ ነበር። ቤላ ሉጎሲ የሚባል ተዋናይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ድራኩላን ተጫወተ አለኝ። ከዚያ በኋላ ከዚያ መልክ መውጣት አቃተው። በ1956 ሲሞት ከነካባው ተቀበረ። ማጽናናት ማለት ይሄ ነው እንግዲህ! ደግነቱ እኛ ዘንድ ከፈን ነው፤ እጅጌም ቁልፍም የለውም። እዚያ ድረስ አይከተሉኝም። እኔን የሚገርመኝ የራሳችን ነገር ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በእኛ አቆጣጠር በ1927 ሲመሠረት፣ በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ጎረምሳ ሙሽራ ሆኖ መድረክ የወጣበት አገር ላይ እኔ ለኢንጂነር አልሆን አልኩ።

አሁን መልቀቂያ ለመጠየቅ ድፍረት የሰጠኝን ልንገርዎ። ወደ ደሴ ስመለስ ፌስታሉ ተቀደደና ሄልሜቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የሚኒባሱ ረዳት አየው። «ኢንጂነር፣ ጠጋ በልማ» አለኝ። ኢንጂነር! ከኋላ አንዲት እናት «የመንገዱ ነህ?» አሉኝ። መዋሸት ነውር ነው፣ ትወና ግን እንጀራዬ ነው። ስልኬን አየት አደረግኩና «አዎ» አልኩ።

ታክሲው በሙሉ ተነሳብኝ። ተቆፍሮ የቀረው የሰፈራቸው መንገድ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ደጃፍ የሚገባው ጎርፍ፣ ክዳኑ የጠፋው ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ የገባው የሰው ልጅና የጎረቤት በግ፣ አንድም ሳይቀር እኔ ላይ ተራገፈ። አንዱ ሰውዬ ሐረጎን እስክንጨርስ ጣቱን ፊቴ ላይ እየቀሰረ ሰደበኝ። እኔም በዚሁ በወሎ አፌ «አብሽሩ፣ በጀት ተይዟል» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም የባሰ ተናደዱ። አመኑኝ ማለት ነው!

ፒያሳ ስወርድ እናትየው በመስኮት ብቅ ብለው «አላህ ልብ ይስጥህ፣ ኢንጂነር» አሉኝ። እንዲህ ያለ አድናቆት በ17 ዓመት አግኝቼ አላውቅም።

ስለዚህ መልቀቂያዬ እንዲሰጠኝ እያመለከትኩ፣ የሥራ ልምዴ ላይ የማክሰኞዋ የሚኒባስ ጉዞ እንድትካተትልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዱላው
ለጆሮ ሸፋኙ ቆብ
ለተለጠፈው ፂም (ሙጫው ዛሬም ከአገጬ አልለቀቀም)