የፓኬቱ ሥዕል

ብዙ ነገር ገዝቻለሁ። እንደ ዘር ፓኬት ግን አንጀቴን ያራሰው የለም።

ፓኬቱ ላይ ያለውን ቲማቲም ማየት ነበረባችሁ። ቀይ፣ ድንቡሽ ያለ፣ ጠል ያረፈበት። ከፍቼ መዳፌ ላይ ሳራግፈው የወጣው ግን ፎረፎር ነው የሚመስለው። ጠፍጣፋ፣ ግርጥት ያለ፣ ዳር ዳሩ ጸጉራም። ባስነጥስ የዓመቱ ሰብል ሄደ።

በረንዳዬ ላይ ሁለት ባልዲ አለኝ። ሥራቸውን በሚስማር በስቼ አፈር ሞልቻቸዋለሁ። እኔ «እርሻዬ» እላለሁ፤ ባለቤቴ «ባልዲዎችህ» ትላለች። ዘሩን አልብሼ እጄን ሳልታጠብ ምርቱን አከፋፍዬ ጨርሻለሁ። ለእናቴ ይኼን ያህል፣ ለመሥሪያ ቤት ልጆች ይኼን ያህል። ለማን እንደማልሰጥ ሳይቀር ወስኛለሁ። ድሪሌን ተውሶ በስምንት ወሩ፣ ያውም ያለ ፑንታው፣ የመለሰው ጎረቤቴ አንዲት ፍሬ አይቀምስም።

የቲማቲም ዘር ለመብቀል ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። ፓኬቱ ላይም ተጽፏል። እኔ በሦስተኛው ቀን በስቴኪኒ ቆፍሬ አየሁት። እንደተኛ ነው። ይቅርታ ብዬ መለስኩት።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ወጣ። አንገቱን እንደ መንጠቆ ቆልምሞ፣ የዘሩን ቅርፊት እንደ ባርኔጣ ደፍቶ። ቤተሰቡን በሙሉ በፒጃማ በረንዳ ላይ አሰለፍኩ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችና «ይኼ ነው?» አለች። አዎ፣ ይኼ ነው። እንደሱ ዓይነት ደስታ በወር አንዴ ቢመጣ ሌላ ነገር አልጠይቅም ነበር። (እሺ፣ ልሄድበት የማልፈልገው ቀጠሮ ራሱ በራሱ መሰረዙንም ጨምሩልኝ። የትራሱን ቀዝቃዛ ጎንም።)

ከዚያ መንከባከብ ጀመርኩ። ጠዋት ውኃ፣ ማታ ውኃ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩ። ጠወለገ። አሁንማ በደንብ ጠምቶታል ብዬ በጆግ ደፋሁለት። ለካ ሥርም ይተነፍሳል። ውኃ ሲበዛ በአፈሩ መሃል ያለው አየር ይወጣና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ከስምንቱ ችግኞች ሰባቱን እንዲህ አድርጌ ቀበርኩ። የተረፈው ጥግ ላይ ስለነበር ጆጉ ስላልደረሰበት ነው።

በሁለተኛው ባልዲ ደግሞ አንድ ወዳጄ የሰጠኝ አንዲት የናና ዘለላ ነበረች። ማንም ያልጠበቃት፣ ማንም ያልጠራት። ናና በአፈር ውስጥ ለውስጥ ግንዷን እየላከች ነው የምትዛመተው። በሁለት ወር ባልዲውን ሞላች። ከዚያ ተንጠልጥላ የቲማቲሙን ባልዲ መጎብኘት ጀመረች። እዚያም ሥር ሰደደች።

ሥዕል ሲያታልለኝ ግን ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። የውጭ ምግብ ቤት ሜኑም ፎቶ አለው። ሱሺን፣ የጃፓኖቹን የሩዝና የዓሣ ጉርሻ፣ ያዘዝኩት በፎቶ ነው። ሲመጣ ከጎኑ አረንጓዴ ልቁጥ ነገር አለ። አቮካዶ መሰለኝ። ጥሩ አድርጌ ዛቅኩና ጎረስኩ።

የሚያቃጥል ነገር በልቼ አውቃለሁ። የቃሪያ ቃጠሎ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ ወተት ሲጠጡ ይበርዳል። ዋሳቢ (ያ አረንጓዴ ነገር ስሙ ይኼ ነው) ግን ተን ሆኖ በአፍንጫ ይወጣል። ግንባሬ የተከፈተ መሰለኝ። የሟች አያቴን ድምፅ ሰማሁ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አልራቀችም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠፋ። ዓይኔ ብቻ ያነባል። አስተናጋጇ በሐዘኔታ ሶፍት አቀበለችኝ። ሰው የሞተብኝ ሳይመስላት አልቀረም።

የሚያናድደው፣ ዋሳቢው ራሱ እውነተኛ አለመሆኑ ነው። እውነተኛው ውድ ስለሆነ ብዙ ምግብ ቤት የሚያቀርበው ከጎመን ወገን የሆነ ሌላ ሥር በሰናፍጭና በአረንጓዴ ቀለም ተለውሶ ነው። ያስለቀሰኝ አስመሳዩ ነው ማለት ነው።

ቾፕስቲክ የሚሏቸውን ሁለት የመብያ እንጨቶች አታንሱብኝ። አንዱን ቁራሽ አራት ጊዜ አንስቼ አራት ጊዜ ጣልኩት። በአምስተኛው አኩሪ አተር ሶሱ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች ረጨው። ጃፓኖች ራሳቸው ሱሺን በእጅ ቢበሉ ነውር እንደሌለበት ያነበብኩት ማታ፣ ሸሚዙን ዘፍዝፌ ነው። እጄ እኮ እዚያው ጭኔ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር።

መቼም ለሁሉም ጊዜ አለው። ቲማቲምም ለጣሊያኖች የውጭ ምግብ ነበር። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አውሮፓ የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መርዝ መስሏቸው ብዙዎች ለረጅም ጊዜ ለጌጥ ብቻ ነበር የሚተክሉት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስለ እርሻዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለጌጥ ነው» እላለሁ።

የተረፈው ተክል በመጨረሻ አንዲት ፍሬ አፈራ። አንዲት። አረንጓዴ ሆና ሦስት ሳምንት ቆየች፤ ከዚያ አንድ ጎኗ ቀላ። ነገ እቀጥፋታለሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ ወፍ ቀድሞኛል። የቀላውን ጎን ብቻ መርጦ በልቶ፣ አረንጓዴውን ለእኔ ትቶልኛል።

እሷን ይዤ እንደቆምኩ በሩ ተንኳኳ። ድሪል ተዋሹ ጎረቤቴ ነው። ፑንታዋን በሁለት ጣቱ ይዟል።

«ይኼን ከሶፋ ሥር አገኘሁት፤ ይቅርታ» አለ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ በረንዳው እያየ፣ «ቲማቲም ዘርተሃል ሲሉ ሰማሁ?»

ናና ሰጠሁት። ብዙ ናና።