በምርመራ መርጋቱ ዘገየ ማለት ደሙ ቀጠነ ማለት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረቡ ሐኪም የሰጡት ምክር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የደወለችው ወጣት፣ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (የሰውነት መከላከያ ራሱ ደምን በሥር ውስጥ የሚያረጋበት በሽታ) ያለባቸው እናቷ የልብ ባይፓስ (ለተደፈነው የልብ ሥር በሌላ ሥር ማለፊያ የሚሰፋበት) ቀዶ ሕክምና እንደታዘዘላቸው ተናግራ ምን እንደሚሻል ጠየቀች። መልሱ «ምርመራው ደማቸው ቶሎ እንደማይረጋ ያሳያል፤ ዋርፋሪኑን ከሳምንት በፊት ያቁሙ፤ በምትኩ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም» የሚል ነበር። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ ክኒን ነው።

ይህ ምክር ሰው ይገድላል። የበሽታው ፀረ እንግዳ አካላት ለምርመራው የሚጨመረውን ፎስፎሊፒድ የተባለ ቅባት እየያዙ በብልቃጥ ውስጥ መርጋትን ያዘገያሉ፤ በሕመምተኛዋ ሥር ውስጥ ግን ያንኑ ደም ያረጋሉ። ግራሃም ሂዩዝና ባልደረቦቻቸው በሽታውን ለንደን ላይ በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከገለጹት እኮ አራት አሥርት ዓመታት አልፈዋል!

ስሕተቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ድረስ ይከተላል። የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ከመከፈቱ በፊት ደም እንዳይረጋ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሄፓሪን፣ በብዛት ይሰጣል፤ ከዚያ ደሙ ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይለካል። በብዙ ቦታ 480 ሰከንድ ሲሞላ ማሽኑ ይከፈታል። በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ግን ሄፓሪኑ ሳይበቃ ቁጥሩ ብቻ ሊያሻቅብ ይችላል። ባዶውን ያጋደለ ሚዛን ላይ ስኳር መመዘን ማለት ይኸው ነው። ቁጥሩ ሞላ ተብሎ ደሙ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲዞር፣ የረጋው ወደ አንጎል ቢሄድ፣ ወይም ገና የተሰፋውን ሥር ቢደፍን ማን ይጠየቃል? መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የሄፓሪኑን መጠን ራሱን መለካት፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሕመምተኛዋን ደም ከሄፓሪን ጋር ፈትኖ ለእርሷ የሚሆነውን ሰከንድ ማወቅ።

«ደም ይፈስሳቸዋል» የሚሉኝ ይኖራሉ። ሊፈስ ይችላል። ፕሌትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚረዱት የደም ሕዋሳት) የሚወርድባቸውም አሉ፤ የፕሌትሌት መውረድ ግን ከመርጋት አያድንም። ያለ ምትክ የተቋረጠ ዋርፋሪንና ቀዶ ሕክምና ሲገናኙ በአንድ ጊዜ ኩላሊትን፣ ሳንባንና አንጎልን የሚመታውን አስከፊውን የበሽታው ዓይነት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለዚህም ነው ዋርፋሪን ሲቆም በሄፓሪን የሚተካው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የደም መፍሰሱ እንደተገታ ሄፓሪኑ የሚመለሰው። ያለ መድኃኒት የሚያልፈው ሰዓት ማጠር አለበት እንጂ ሳምንት አይሞላም።

የዝግጅቱ ባለቤቶች በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት እርምቱን ያሰሙ። ያቺ ልጅም እናቷ አንዲት ክኒን ከማቋረጣቸው በፊት የደም ሐኪሙ፣ የልብ ቀዶ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው አንድ ላይ ተቀምጠው እቅዱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ትጠይቅ።